ለኤሌክትሪክ መኪና የቤት ቻርጀር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ አዲስ አውቶሞቢል መግዛት ማለት ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ሆኗል። መኪናው እጅ ሲገባ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ቤት በምን ቻርጅ ላድርገው?» ነው። ገበያ ስትወጡ 7 ኪሎዋት አለ፣ 11 አለ፣ 22ም አለ ትባላላችሁ። ትልቁ ቁጥር የተሻለ ይመስላል።

እኛ ግን የምንመክረው ከሳጥኑ በፊት የቤታችሁን መስመር እንድታዩ ነው። ለምን እንደሆነ ባጭሩ እናስረዳ።

▪ እውነተኛው ቻርጀር መኪናው ውስጥ ነው

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን «ቻርጀር» ይባላል እንጂ ሥራው የቤቱን ኤሌክትሪክ በደህና ለመኪናው ማቀበል ነው። ኤሌክትሪኩን ለባትሪው እንዲስማማ የሚቀይረው ዕቃ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ወደ አገራችን ከገቡት የቻይና መኪኖች ብዙዎቹ በቤት ኤሌክትሪክ ሲሞሉ ከ7 ኪሎዋት ገደማ በላይ አይወስዱም። ስለዚህ 22 ኪሎዋት የተጻፈበት ሳጥን ብትገዙም መኪናው የሚወስደው ያችኑ 7 ነው። ትርፉ ብር ማውጣት ብቻ።

የመኪናችሁን ልክ ከመመሪያው ወይም ከሻጩ ጠይቃችሁ እወቁ።

▪ በቀን ስንት ኪሎሜትር ትነዳላችሁ?

ሂሳቡ ቀላል ነው። ቮልቴጅን በአምፔር ስታባዙት ዋት ይሰጣችኋል። የእኛ አገር ቮልቴጅ 220 ነው፦

• 10 አምፔር የሚስብ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ቻርጀር፦ 2.2 ኪሎዋት
• 16 አምፔር፦ 3.5 ኪሎዋት
• 32 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር፦ 7 ኪሎዋት

አንድ ትንሽ የከተማ መኪና ለ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብለን እናስላ። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ትንሹ የሶኬት ቻርጀር በ3 ሰዓት ገደማ ይሞላዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከተሰካ ደግሞ ከ100 ኪሎሜትር በላይ የሚያስኬድ ይሰጣችኋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው 7 ኪሎዋት ቅንጦት ነው።

ራይድ የምትሠሩና በቀን 200 ኪሎሜትር የምትነዱ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። 30 ኪሎዋት ሰዓት በትንሹ ቻርጀር ወደ 14 ሰዓት ይፈጃል፤ በ7 ኪሎዋት 5 ሰዓት አይሞላም። ሰባት ሰው የሚጭኑት ትልልቅ መኪኖችም ባትሪያቸው ትልቅ ስለሆነ እንደዚሁ ናቸው። እዚህ ላይ የግድግዳ ቻርጀር ዋጋውን ይመልሳል።

▪ ቤታችሁ ይችለዋል?

የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ ከትንሹ የመኪና ቻርጀር ይበልጣል ማለት ነው። «ምጣድ የቻለ ቤት መኪና አያቅተውም» የሚሉት ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር ይረሳል። ምጣዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይስባል። ቀጭን ሽቦና የላላ ሶኬት የሚግሉትና የሚቃጠሉት ያኔ ነው፤ ያውም ሁሉም ሰው ተኝቶ።

ዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 32 ከሆነና እናንተ 32 አምፔር ቻርጀር ከሰካችሁ፣ ምጣድ ወይም ቦይለር ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል። መፍትሔው ብሬከሩን በትልቅ መቀየር አይደለም! ብሬከሩ ሽቦውን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ ሽቦው ሳይቀየር ዘበኛውን ብታነሱት የሚቃጠለው ሽቦው ነው። አቅም ማሳደግ ከፈለጋችሁ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

ለ32 አምፔር ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 6 የመዳብ ኬብል እና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ርቀቱ ከረዘመ ኬብሉም ይወፍራል።

▪ ኤርዝ ላይ ቀልድ የለም

ብዙ የቆዩ ቤቶች ኤርዝ የላቸውም፣ ወይም ሶኬቱ ላይ ቢኖርም መሬት ውስጥ የገባ ነገር የለም። ጥሩ ቻርጀር ይህን ሲያይ ቀይ መብራት አብርቶ «አልሞላም» ይላል። አንዳንድ ሠራተኛ ታዲያ ኒውትራሉን ከኤርዙ ጋር አገናኝቶ መብራቱን አረንጓዴ ያደርግላችኋል። ይሄ ገዳይ ነው። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሩን የሚነካ ልጅ ይመታዋል። ትክክለኛው ሥራ ዘንግ መሬት ቀብሮ፣ በመሣሪያ ለክቶ ማሳየት ነው።

በዚያ ላይ አርሲዲ የሚባለውን ብሬከር አስገጥሙ። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ አርሲዲ ሰውን ይጠብቃል፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው ይቆርጣል። ባለ 30 ሚሊ አምፔር፣ ዓይነቱም ቢያንስ «ታይፕ ኤ» ይሁን።

▪ ተከራይ ከሆናችሁ

ቤቱ የእናንተ ካልሆነ የግድግዳ ሳጥን ላይ ብር ከማፍሰስ፣ ስትለቁ ይዛችሁት የምትሄዱት፣ አምፔሩን ዝቅ ከፍ የምታደርጉት ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ይሻላል። ደካማ መስመር ያለው ቤት ከገባችሁ ወደ 8 አምፔር ታወርዱታላችሁ።

ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በመስኮት ዲቫይደር ማውረድ ግን ይቅር። ረጅምና ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

ቆጣሪ ከአከራይ ጋር የምትጋሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በቀን 40 ኪሎሜትር በወር ወደ 180 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ዋጋም የሚጨምር ስለሆነ ቢሉ ከጠበቃችሁት በላይ ሊወጣ ይችላል። ለመኪናው ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ከጭቅጭቅ ያድናል።

▪ ሱቅ ስትገቡ

1. የመኪናውን መሰኪያ ፎቶ ያዙ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ታይፕ 2 ይጠቀማሉ። ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ ግን አይገጥሙም።
2. አምፔር የሚቀንስና ሰዓት የሚሞላ ምረጡ።
3. ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ክረምቱን የሚችል፣ አይፒ 65 የተጻፈበት ይሁን።
4. ኤርዝ ሲጠፋ ሥራ የሚያቆም መሆኑን ጠይቁ።
5. ለሳጥኑ ብቻ ሳይሆን ለኬብል፣ ለብሬከርና ለኤሌክትሪሺያን የሚወጣውን ደምራችሁ በጀት ያዙ።

ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ቆይታችሁ የመሰኪያውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። ይዞ ለመቆየት የሚያቃጥል ከሆነ ግን በብሬከሩ አጥፉትና ባለሙያ ጥሩ፤ «ነገ አየዋለሁ» ተብሎ የሚታደርበት ነገር አይደለም።

መኪና ለመግዛት ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ቻርጀሩን ሳይገዛ ይህን ላኩለት።