32 ከየት መጣ?

ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው የአየር ትንበያ ሲሰማ መጀመሪያ ግር የሚለው ቁጥሩ ነው። አገር ቤት በሴልሺየስ 20 ዲግሪ የሚባለው ደስ የሚል አየር እዚያ በፋራናይት 68 ይሆናል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ስሌት አጭር ነው፦ የሴልሺየሱን ቁጥር በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር። በምልክት ሲጻፍ ፋ = 1.8 × ሴ + 32 ነው።

ይህ መስመራዊ እኩልታ ነው። ሴ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፋ ምንጊዜም 1.8 ይጨምራል፤ ጭማሪው ስለማይለዋወጥ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣዋል። እኩልታን በሥዕል የማሳየት ዘዴ ከፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። እሱ በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው አልጀብራንና ጂኦሜትሪን አገናኘ፤ የአገሩ ሰው ፒየር ደ ፌርማም በዚያው ዘመን ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር።

አሁን መስመሩን እንሥራ። አግድሙ ዘንግ ሴልሺየስን፣ ቋሚው ዘንግ ፋራናይትን ይያዝ። ለቀጥታ መስመር ሁለት ነጥብ ይበቃል። ውሃ በ0 ሴልሺየስ፣ ማለትም በ32 ፋራናይት በረዶ ይሆናል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ደግሞ በ100 ሴልሺየስ፣ ማለትም በ212 ፋራናይት ይፈላል። ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ እናገናኛለን። ለማረጋገጫ 10 እና 50ን ብንጨምር ሦስተኛው ነጥብ እዚያው መስመር ላይ ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ አንዱ ስሌት ተሳስቷል።

መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጠው 32 ላይ ነው። በትምህርት ቤት ቋሚው ዘንግ «ዋይ» ስለሚባል ይህን ነጥብ ተማሪዎች ዋይ ኢንተርሴፕት ይሉታል። አገኛኘቱ ቀላል ነው፦ በአግድሙ ዘንግ ያለውን ተለዋዋጭ 0 ማድረግ። እኩልታው 9 × ሴ − 5 × ፋ = −160 ተብሎ ቢመጣም ሴ በ0 ሲተካ −5 × ፋ = −160 ይቀራል፤ ፋ 32 ነው። እኩልታው ሳይሰጠን 20 ሴልሺየስ 68፣ 25 ሴልሺየስ ደግሞ 77 ፋራናይት መሆኑን ብቻ ብናውቅስ? በ5 ዲግሪ 9 ጨምሯል፤ ስለዚህ ለአንድ ዲግሪ 1.8 ነው። ከ20 ወደ 0 ስንመለስ 36 ይቀነሳል፤ 68 ሲቀነስ 36፣ አሁንም 32።

ታዲያ 32 የሙቀት ተፈጥሯዊ ቁጥር ነው? አይደለም፤ ዜሮው የት እንደተተከለ የሚናገር ቁጥር ነው። ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርብ 0 የሰጠው ለሚፈላ ውሃ፣ 100 ደግሞ ለበረዶ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው በኋላ ነው። እንደ መጀመሪያው ቢቀር መስመሩ ከ212 ተነሥቶ ቁልቁል ይወርድ ነበር። በኬልቪን ብንለካ ደግሞ ያው የ1.8 ጭማሪ ሳይነካ መቁረጫው −459.67 ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ግራፍ ሲቀርብልን ቋሚው ዘንግ የቆመው በእርግጥ 0 ላይ መሆኑን እናጣራ። አዘጋጁ ቦታ ለመቆጠብ አግድሙን ከ20 ጀምሮት ከሆነ መስመሩ ግራ ጠርዙን የሚነካው 68 ላይ ነው፤ ያንን ዋይ ኢንተርሴፕት ብሎ የወሰደ ሰው ስሌቱ ሁሉ 36 ዲግሪ ይዛባበታል።