የፒካፕ ሞተር «ቱኒንግ» ናፍታ ይቆጥባልን?



ይህች ጽሑፍ በአንባቢያን ዓምድ ትወጣልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ሞተር ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ በመካነ ኢየሱስ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን ዋስ ሆኜ የፈረምሁበት ገንዘብ ስላለ፣ ደግሞም አንድ መሥሪያ ቤት ፒካፖቹን ሁሉ እንዲሁ ሊያሠራ ማሰቡን ስለ ሰማሁ፣ ዝም ብዬ ለማለፍ አልተቻለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እኅቴ ባለቤት ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ሐሙሲት ጤፍና ድንች እያመላለሱ የሚተዳደሩበት አንድ አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ አላቸው። ሞተሩ «5ኤል» የሚባለው፣ ባለ 2986 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከያዘ ወዲህ የናፍታው ሒሳብ ትርፋቸውን እየበላ አስጨነቃቸው። በዚህ ላይ ሳሉ በአንድ ትልቅ ከተማ የሚገኝ ጋራዥ «ሞተሩን ቱኒንግ ብናደርግልዎ ከመቶ 20 ናፍታ ይቆጥብልዎታል» አላቸው። ገንዘቡ ስላልነበራቸው ተበደሩ፤ እኔም ዋስ ሆኜ ፈረምሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር አስደረግኋቸው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ሳንለካ እንጨት እንኳ አያስቆርጡንም ነበር፤ ይህ ልማድ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ደብረ ታቦር በአንድ ማደያ፣ በአንዱ መቅጃ፣ ሰልባቲዮው እስኪሞላ አስቀድተን የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በደብተር ጻፍሁ። ከጥቂት ምልልስ በኋላ በዚያው መቅጃ እንደገና ሞላን። 412 ኪሎ ሜትር ሄዶ 49 ሊትር ወሰደ፤ ይኸውም በ100 ኪሎ ሜትር 11.9 ሊትር መሆኑ ነው።

ከተሠራ በኋላ እንደ ተመለሱ፣ «መምህር፣ ዳገቱን እኮ እንደ ሰጋር በቅሎ ይወጣዋል!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መበርታቱን ተቀምጬበት አይቻለሁና አልክድም። ዳሩ ግን ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ እንደ ከሰል የጠቆረ ነበር። ያንኑ ጭነት፣ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ነጂ አድርገን ብንለካው 405 ኪሎ ሜትር ሄዶ 54 ሊትር ጠጣ። በ100 ኪሎ ሜትር 13.3 ሊትር! ከመቶ 20 ይቀንሳል የተባለው ከመቶ 12 ጨምሮ ተገኘ።

ምክንያቱን ለመረዳት አገራችንን ማወቅ ይበቃል። አንድ ኪሎ ናፍታ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይሻል። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 75 ገደማ ብቻ ነው። በጉና ትከሻ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ሲወጡ ደግሞ ወደ ከመቶ 70 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደ ሰው ሳንባ ያገኘውን ያህል ይተነፍሳል እንጂ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት የለውም። ጋራዡ ያደረገው ነገር፣ ናፍታ በሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለችውን የመጠን መቆጣጠሪያ ብሎን መክፈት ብቻ ነበር። አየሩ ሳይጨምር ናፍታው ሲጨምር ከፊሉ ተቃጥሎ ጉልበት ሆነ፤ የቀረው ጥቁር ጢስ ሆኖ በናበጋ በኩል ሄደ። አማቼ የገዙት ጉልበት ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ማንም መካኒክ ሊያስቀረው የማይችል ዕዳ አለ። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር መንገዱ ወደ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። 2500 ኪሎ የሚመዝን ፒካፕ ይህን ያህል ከፍታ ለማንሣት ብቻ፣ የመንገዱን ርዝመት ሳንቈጥር፣ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ናፍታ ይፈልጋል፤ በናፍታ ውስጥ ካለው ኃይል ለጎማው የሚደርሰው ሲሶው ያህል ነውና። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን «ሴባስቶፖል» መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱ ጊዜ ይህን ሒሳብ የከፈለው የሰው ትከሻ ነበር። (የጋፋት አንጥረኞች ሚሲዮናውያን እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል፤ መድፉን እንጂ መንገዱን ግን አላቀለሉትም።)

እንግዲህ ቱኒንግ የተባለ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እንደ ሂሉክሱ «1ኬዲ» ያለ፣ ቱርቦና ኮምፒዩተር ያለው ሞተር፣ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲስተካከል በዝቅተኛ ዙር ብዙ ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ነጂው ታጋሽ ከሆነና ማርሹን ቶሎ ቶሎ ከለወጠ ጥቂት ናፍታ ይተርፈው ይሆናል። ነገር ግን አዲስ ጉልበት አግኝቶ የማይሮጥበት ነጂ ስንት ነው? ደግሞም ፋብሪካው ሞተሩን ሲያስተካክል ናፍታን ብቻ ሳይሆን ጢሱን፣ ሙቀቱንና የሞተሩን ዕድሜ አብሮ ይመዝናል። የጀርመኑ ፎልክስዋገን የናፍታ ሞተሮቹን በምርመራ ጊዜ ብቻ ንጹሕ እንዲመስሉ በኮምፒዩተር አስተካክሎ በ2008 ዓ.ም. መያዙ፣ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መክሰር እንዳለ ያሳያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 የሚበልጡ መሣሪያዎችን መርምሮ፣ ትንሽ ለውጥ ያሳዩት ጥቂቶች ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

ወደ ፒካፑ ልመለስ። ደብረ ታቦር አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድነው። ገና ድምፁን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሎኗን ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሱ፤ በአቧራ የተደፈነውን የአየር ፊልትሮ አስለወጡ፤ ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች አውጥተው አንደኛው መርጨቱን ትቶ የሚያንጠባጥብ መሆኑን አሳዩን። የኋላ ቀኝ ጎማ ፍሬን ሳይረገጥ ይዞ ኖሯል፤ እሱንም ፈቱት። ጎማዎቹን ነፉ። የጠየቁት የእጅ ዋጋ ለቱኒንጉ ከተከፈለው ሩቡን አይሞላም ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ስንሞላ 418 ኪሎ ሜትር ሄዶ 45 ሊትር ወስዶ አገኘነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 10.8። ከመጀመሪያውም አነሰ። ሁሉን በአንድ ቀን ስላሠራነው የቁጠባውን ድርሻ ለኖዝሉ ይህን ያህል፣ ለፍሬኑ ይህን ያህል ብዬ ለማከፋፈል አልችልም፤ ይህ የእኔ የአሠራር ጉድለት ነው፣ ተማሪ ቢያደርገው ነጥብ እቀንስበት ነበር።

ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦች አንድ ነገር ልጨምር። ፒካፕ አለቃውን እየጠበቀ ሞተሩ ሳይጠፋ በግቢ ሲቆም በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ያህል ይበላል፤ አንድ ሜትር ሳይሄድ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ብዙ ሰው በእጁ ያለውን መኪና ለማሳደስ ይሻልና፣ የቱኒንግ ነጋዴም መብዛቱ አይቀርም። ያ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አንዱን ፒካፕ ብቻ መርጦ ከሥራው በፊትና በኋላ በአንድ መቅጃ እየሞላ ቢለካ፣ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው።

አማቼ ውጤቱን አምነው ተቀብለዋል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንሱ፣ «መምህር፣ ያ ጉልበቱ እኮ ይናፍቀኛል» ይሉኛል። ብድሩ ገና 5 ወር ይቀረዋል።

ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
መካነ ኢየሱስ (እስቴ)