ለልጆች የከፍተኛ ትምህርት መቆጠብ፦ ቀኑ የታወቀ ወጪ፣ ቀድሞ የሚጀመር ዝግጅት

ቤተሰብን የሚያናጉ ወጪዎች አብዛኞቹ ድንገተኛ ናቸው። ሕመም ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም፤ በረዶና ድርቅም እንዲሁ። የልጅ ከፍተኛ ትምህርት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ክፍል ካልደገመ በ18 ወይም በ19 ዓመቱ 12ኛ ክፍልን ያጠናቅቃል። ልጁ በተወለደ ዕለት፣ ወጪው በየትኛው ዓመት በር እንደሚያንኳኳ በግምት ይታወቃል ማለት ነው። ቀኑ ቀድሞ የታወቀ ወጪ ደግሞ አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተሰብም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ሊዘጋጁለት የሚቻል ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ወላጆች “ዩኒቨርሲቲ ከገባ መንግሥት ያስተምረዋል” በሚል ተስፋ ቁጠባውን ያዘገዩታል። ተስፋው ከፊል እውነት አለው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት የተጣለለት የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ በመንግሥት ተቋም የሚማር ተማሪ የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርት ወጪውም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ያደርጋል፤ ክፍያው ግን በአብዛኛው ከምረቃ በኋላ ሥራ ሲይዝ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ ወላጅ በመግቢያው ዕለት ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። የተመደበበት ከተማ ድረስ የሚወስደው ትራንስፖርት፣ ብርድ ልብስና አልባሳት፣ የጽሑፍ ቅጂ፣ ስልክና ኮምፒውተር፣ በየወሩ የሚላከው የኪስ ገንዘብ ግን ከቤተሰብ ኪስ የሚወጡ ናቸው።

በሌላ በኩል የመንግሥት ምደባ ለሁሉም የሚደርስ አይደለም። ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. በተሰጡት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በየዓመቱ ከተፈታኞቹ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ቀሪዎቹ የማካካሻ ትምህርት፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወይም ሌላ አማራጭ መፈለግ ነበረባቸው። በተጨማሪም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሂደት ራስ ገዝ እንዲሆኑ አዋጅ ወጥቷል፤ ቀዳሚው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝ ተቋማት የራሳቸውን ገቢ እንዲያመነጩ ስለሚጠበቅ፣ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎች ቁጥር እየጨመረ መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ ቁጠባው የሚያስፈልገው ለአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ልጁ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ መንገዱ በገንዘብ እጦት እንዳይዘጋበት ነው።

ቀድሞ የጀመረና የዘገየ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉ ይታወሳል። በዚህ ወለድ ስሌቱን እንመልከት። አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ 6 ሺህ ብር፣ ማለትም በወር 500 ብር ያህል ቢያስቀምጥና ወለዱን ሳይነካ ቢያቆየው፣ በ5 ዓመት ወደ 34 ሺህ 500 ብር፣ በ10 ዓመት ወደ 82 ሺህ 900 ብር፣ በ15 ዓመት ደግሞ ወደ 150 ሺህ 800 ብር ያገኛል። በ5 ዓመቱ ቁጠባ ላይ ወለዱ የጨመረው 4 ሺህ 500 ብር ገደማ ብቻ ነው። በ15 ዓመቱ ግን ከኪስ የወጣው 90 ሺህ ብር ሲሆን፣ 60 ሺህ 800 ብር ገደማ የሚሆነው ወለድ ነው። ወለድ ራሱ ወለድ የሚወልደው ጊዜ ሲያገኝ ነውና።

ነገር ግን ስሌቱ የገበያውን ዋጋ አላካተተም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ዋጋ ከወለዱ ፈጥኖ ሲያድግ በባንክ ያለው ብር ቁጥሩ ቢጨምርም የሚገዛው ነገር ያንሳል። በቤት የተደበቀ ገንዘብማ ከዚህ የባሰ ነው፤ ወለድ የለውም፣ ከእሳትና ከሌባም አይተርፍም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ በቤታቸው ገንዘብ ያከማቹ ሰዎች በተወሰነ ቀነ ገደብ ውስጥ ለመለወጥ መጣደፋቸውም የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ቁጠባው የሚቀመጥበት መልክ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በቀረው ዘመን ይወሰን። ጊዜው ሩቅ ከሆነ ከገንዘቡ ከፊሉ ከገበያው ጋር ዋጋው በሚያድግ ሀብት ላይ ይዋል፤ ጊዜው ሲቀርብ ግን ሀብቱ በወቅቱ ተሽጦ ወደ ባንክ ይግባ።

ለአርሶ አደሩ

የአርሶ አደሩ ገቢ በየወሩ አይመጣም። ምርት የሚሰበሰበውና ገንዘብ በእጅ የሚገኘው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው፤ ትምህርት የሚከፈተው ግን ክረምቱ ወጥቶ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። በመስከረም የተቸገረ አባት ወይ ይበደራል፣ ወይ በሬውን በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ የአርሶ አደር የቁጠባ ቀን ሠርጉና ድግሱ ሳይጀመር፣ እህሉ በተሸጠ ማግስት ሊሆን ይገባል።

ልጁ ገና ሕፃን ከሆነ በስሙ የምትያዝ ጊደር ወይም ጥቂት በጎች የቆየና የተፈተነ የቁጠባ መንገድ ናቸው። ከእርሻ ማሳና ከምንጭ ርቆ የተተከለ ባሕር ዛፍም በ5 ዓመት ገደማ ለአጠና ይደርሳል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አርሶ አደሮች ዲከረንስ ተክለው ከ4 እና 5 ዓመት በኋላ ከሰል እያከሰሉ ተጠቃሚ ሆነዋል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው በሽታ ግን ሌላ ነገር አስተምሯል፦ የልጅን ተስፋ ሁሉ በአንድ ዛፍ ወይም በአንድ ከብት ላይ ማሳረፍ አይገባም። ጥቂቱ በዛፍ፣ ጥቂቱ በከብት፣ ጥቂቱ በባንክ ወይም በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆን አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል።

ለከተማ ነዋሪው

ደመወዝተኛ ከወጪ የተረፈውን እቆጥባለሁ ካለ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ አያገኝም። የሚሻለው ደመወዝ በገባ ዕለት የተወሰነው መጠን በቀጥታ ወደ ልጁ ሂሳብ እንዲዛወር ባንኩን ማዘዝ ነው። በርካታ ባንኮች ወላጅ ወይም ሞግዚት በልጅ ስም የሚከፍቱት የቁጠባ ሂሳብ አላቸው፤ ወለድ ለማይፈልጉም ወለድ አልባ አገልግሎት አለ።

እቁብም ጥሩ አጋዥ ነው። ወለድ ባይኖረውም በማኅበራዊ ግዴታ ያስቆጥባል፤ ብቻውን ለመቆጠብ የሚቸገር ሰው ለጓደኞቹ ሲል ይከፍላል። አደጋው እጣው ከወጣ በኋላ ነው። የደረሰው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ወደ ልጁ ሂሳብ ካልገባ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ የተለመደ ነው።

ቁጠባውን መጠበቅ

የትምህርት ቁጠባን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ድንገተኛ ችግር፣ በተለይም ሕመም ነው። ስለሆነም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን በተዘዋዋሪ የልጅን ትምህርት መጠበቅ ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ከትምህርቱ ሂሳብ ተለይቶ ቢቀመጥ ይመረጣል። ባልና ሚስት ሂሳቡ ለምን እንደተከፈተና መቼ እንደሚነካ አስቀድመው ይስማሙ፤ ልጁም ይወቀው። በስሙ የሚጠራቀም ገንዘብ እንዳለ የሚያውቅ ተማሪ ቤተሰቡ ከእርሱ የሚጠብቀውን ያውቃል። ቁጠባው ለወንዱ ተከፍቶ ለሴቷ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ፣ የፈተናው ውጤት ሳይታወቅ የእርሷ ዕድል አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው።

ልጁ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ሲደርስ ከብቱንና ዛፉን ደረጃ በደረጃ እየሸጡ ገንዘቡን ወደ ባንክ ማስገባት ይገባል። የመግቢያው ጥሪ በወጣ ሳምንት ለመሸጥ የቸኮለ ሰው ገዢው በተመነው ዋጋ ይሸጣልና።

ልጃቸው ዛሬ 10ኛ ክፍል የሆነ ወላጆችም አልረፈደባቸውም። በየዓመቱ 6 ሺህ ብር ቢያስቀምጡ በ3 ዓመት ከ19 ሺህ ብር በላይ ያገኛሉ። ገንዘቡ ሙሉ ትምህርቱን አይሸፍንም፤ ነገር ግን ልጁ ወደ ተመደበበት ከተማ የሚሄደው በብድር ወይም በተሸጠ በሬ ዋጋ አይሆንም፤ በተዘጋጀለት ስንቅ ይሆናል።