ኮልማንስኮፕ፦ አልማዝ የመሠረታት፣ አሸዋ የወረሳት ከተማ

በናሚብ በረሃ ባቡር ማስኬድ ማለት አሸዋ መዛቅ ማለት ነበር። ከአትላንቲክ ዳርቻ፣ ከሉደሪትስ ወደብ ተነስቶ ወደ መሀል አገር የሚዘልቀውን ሐዲድ ከደቡብ የሚነፍሰው ንፋስ ሌሊቱን ሲያለብሰው ያድራል፤ ሲነጋ ሠራተኞች አካፋ ይዘው ይገልጡታል። በኤፕሪል 1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግራስፕላትስ በምትባለው ትንሽ ጣቢያ አጠገብ እንዲህ አሸዋ ከሚዝቁት አንዱ ዛካሪያስ ሌዋላ ይባላል። ሌዋላ ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካ፣ በኪምበርሌይ የአልማዝ ጉድጓድ ሠርቷል። ስለዚህ አካፋው ላይ ያበራችውን ጠጠር ሌላው ሰው ቢጥላት እሱ አልጣላትም። ለአለቃው ወስዶ አሳየ።

አለቃው አውጉስት ሽታውኽ የሚባል ጀርመናዊ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ ነው። አስም ስለነበረበት ደረቅ አየር ፍለጋ ወደዚህ በረሃ የመጣው ከአንድ ዓመት በፊት ሲሆን፣ ለየት ያለ ድንጋይ ያየ ሁሉ እንዲያመጣለት ሠራተኞቹን አዟቸው ነበር። ሌዋላ ያቀበለውን ጠጠር በሰዓቱ መስታወት ላይ ፋቀው፤ መስታወቱ ተጫረ። ሽታውኽ ወሬውን አፍኖ የፍለጋ ፈቃድ አወጣ፣ ባልንጀሮቹን አስከትሎ መሬት ያዘ፣ የባቡር ሥራውን ለቀቀ። የመንግሥት ጂኦሎጂስት ድንጋዩ አልማዝ መሆኑን ሲያረጋግጥና ወሬው ሲወጣ ሉደሪትስ አበደች፤ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ጸሐፊውም ካስማ ተሸክሞ ወደ በረሃው ወጣ። ሽታውኽ ሚሊየነር ሆነ። ሌዋላ ግን ምንም አልተከፈለውም። የዚህን አገር የአልማዝ ታሪክ በከፈተው ሰው ስም የቆመ ኩባንያም ሆነ የተሰየመ ሸለቆ የለም፤ ሽታውኽ ግን አልማዝ በጣም ከሞላባቸው ሸለቆዎች አንዱን በሚስቱ በኢዳ ስም ሰይሞታል።

ሐዲዱም የራሱ ታሪክ አለው። አገሪቱ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ያኔ የጀርመን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ነበረች። ከ1904 እስከ 1908 የጀርመን ጦር የሄሬሮንና የናማን ሕዝብ ጨፈጨፈ፤ የተረፉትንም በማጎሪያ ሰፈሮች አጎረ። ከእነዚህ ሰፈሮች በጭካኔው የከፋው ሉደሪትስ ወደብ አፍ ላይ፣ ሻርክ ደሴት ላይ ነበር። ይህን የባቡር መስመር የዘረጉት እስረኞች ናቸው፤ ከጃንዋሪ 1906 እስከ ጁን 1907 ድረስ በሥራው ላይ ከተሰማሩት 2,014 እስረኞች 1,359ኙ መሞታቸው በጀርመኖቹ በራሳቸው መዝገብ ሰፍሯል። አልማዙ በተገኘበት ሐዲድ ሥር የእነዚህ ሰዎች ላብና አጥንት አለ። የኮልማንስኮፕን ታሪክ ከዚህ መጀመር ግድ ነው፤ ከከተማዋ የዳንስ አዳራሽ የሚጀምሩት ትረካዎች ብዙ ናቸውና።

አልማዝ እንዴት አሸዋ ውስጥ ገባ? ከጥልቅ የምድር ሆድ አልማዝን ወደ ላይ ያወጡት ጥንታዊ እሳተ ገሞራዎች ያሉት ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀው፣ በደቡብ አፍሪካ መሀል ነው። ኦራንጅ ወንዝ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ድንጋዩን እየሸረሸረ አልማዙን አትላንቲክ ድረስ አወረደው። ከዚያ የባሕሩ ሞገድ ተቀብሎ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ገፋው፤ ማዕበሉ ዳር ላይ ተፋው፤ ንፋሱም ቀላል ቀላሉን እየለየ ወደ በረሃው ሸለቆዎች ነዳው። በዚህ ሁሉ ጉዞ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ይደቅቃል፣ የሚደርሰው ጠንካራው ብቻ ነው። የዚህ ዳርቻ አልማዝ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከሞላ ጎደል ሁሉም ለጌጥ የሚሆን ጥራት ያለው የሆነው ለዚህ ነው።

እናም ጉድጓድ መቆፈር አላስፈለገም። ከኮልማንስኮፕ በስተደቡብ፣ ፖሞና በተባለው ስፍራ አልማዝ ሜዳ ላይ ተበትኖ ነበር፤ በጨረቃ ብርሃን ሲያብረቀርቅ ይለቀም እንደነበር ይነገራል። የሽታውኽ አሽከር ተንበርክኮ ሲለቅም ሁለት እጁ ሞልቶበት የቀረውን በአፉ እንደያዘ የሚተረከውም ስለዚሁ ቦታ ነው። ታሪኩን የሚነግሩት እንደ ተአምር ነው፤ በዘመኑ የተነሱት ፎቶግራፎች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ጥቁር ሠራተኞች በረድፍ ተደርድረው በሆዳቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ አሸዋውን በጣታቸው ይፈትሻሉ፤ ከኋላቸው ነጭ ተቆጣጣሪ ቆሟል። ወንፊቱ፣ ማጠቢያው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽን የመጣው ቆየት ብሎ ነው።

በርሊን ያለው መንግሥት ለመቆጣጠር አልዘገየም። በሴፕቴምበር 1908 ከኦራንጅ ወንዝ ተነስቶ ወደ ሰሜን እስከ 26ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ፣ ከባሕሩም 100 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባውን መሬት በሙሉ ‹የተከለከለ ክልል› ብሎ አጠረው፤ ስፋቱ ወደ 26,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያለ ፈቃድ የገባ ይታሰራል። ክልከላው ከጀርመኖቹ መንግሥት በላይ ዕድሜ አገኘ፤ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሰው እንደልቡ ሳይረግጠው በመቆየቱ ዛሬ አካባቢው ብርቅዬ ዕፅዋት የሞሉበት ፃው ካይብ የተባለ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል።

ኮልማንስኮፕ የበቀለችው ከሉደሪትስ ወደ ውስጥ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። ስሟን ያገኘችው ኮልማን ከሚባል የጭነት ነጂ ነው፤ የአሸዋ ማዕበል ሲነሳበት በበሬ የሚጎተት ሠረገላውን ጉብታው ላይ ጥሎ ሄደ፣ ጉብታውም ‹የኮልማን ራስ› ተብሎ ቀረ። በዚህ ውሃም ዛፍም በሌለበት ጉብታ ላይ ጀርመኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገራቸውን የአውራጃ ከተማ የሚመስል ከተማ ተከሉ። ጣሪያቸው ቀጥ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ፣ ግድግዳቸው በሥዕላዊ ወረቀት የተለበጠ ቤቶች ተሠሩ። ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ የቤት ዕቃ መሥሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ በባሕር ውሃ የሚሞላ መዋኛም ነበራት። ከ1911 ጀምሮ ሉደሪትስ ላይ የተተከለው ጣቢያ ኤሌክትሪክ ሰጣት። ካዚኖ የሚሉት ትልቁ ሕንፃ የቁማር ቤት ሳይሆን የሕዝብ አዳራሽ ነው፤ ስፖርት ይሠሩበታል፣ ቲያትር ያዩበታል፣ ይደንሱበታል። ከአውሮፓ የሚመጡ የሙዚቃ ጓዶች ተጫውተውበታል። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው የእንጨት ኳስ መጫወቻ ዛሬም ይሠራል።

ከሁሉ የሚደንቀው በረዶው ነው። ንጹሕ ውሃ መጀመሪያ ላይ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከኬፕታውን በመርከብ ይመጣ ነበር። በዚህ ስፍራ የበረዶ ፋብሪካ ተቋቁሞ ለእያንዳንዱ ጀርመናዊ ቤተሰብ በየቀኑ ግማሽ አንጓ በረዶና 20 ሊትር ውሃ በነጻ ይታደል ነበር። በከተማዋ መሀል በተዘረጋ ጠባብ ሐዲድ ላይ የምትሄድ ጋሪ በየቤቱ ታደርሳለች፤ ገበያ ወጥተው የሚመለሱ እመቤቶችንም ትጭናለች። በረዶው ሎሚናትና ሶዳ ያቀዘቅዛል፣ የሥጋ ቤቱን ሥጋ ከመበላሸት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የከፈለው አሸዋው ነው። በ1912 ብቻ አካባቢው አንድ ሚሊዮን ካራት፣ በሚዛን 200 ኪሎ ግራም አልማዝ ሰጠ፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከተመረተው ወደ 12 በመቶ የሚሆን ነው።

ከተማዋ ሞልታ በነበረችበት ጊዜ 300 ያህል ጀርመናውያን አዋቂዎችና 40 ልጆች ይኖሩባት ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ 800 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ከሰሜን፣ ከኦቫምቦ አገር በኮንትራት የመጡ ወንዶች ናቸው። ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። በረጃጅም መኝታ ቤቶች ታጉረው፣ ኮንትራታቸው እስኪያልቅ ግቢውን ሳይለቁ ይሠራሉ። የከተማዋ ሆስፒታል የራጅ መሣሪያ ነበረው፤ በደቡባዊው የምድር ንፍቀ ክበብ የመጀመሪያው እንደሆነ እየተነገረ አስጎብኚዎች ይኮሩበታል። ከቀዳሚነቱ ይልቅ መታወቅ ያለበት ምን እንደሠራ ነው፦ መሣሪያው ለተሰበረ አጥንት ብቻ ሳይሆን፣ አልማዝ ውጧል የተባለን ሠራተኛ ሆድ ለመፈተሽም ያገለግል ነበር።

የከተማዋ ዕድሜ አጭር ነበር። በ1915 የደቡብ አፍሪካ ጦር አገሪቱን ከጀርመን ነጠቀ። በ1920 የማዕድን ባለሀብቱ ኤርነስት ኦፐንሃይመር የጀርመኖቹን ኩባንያዎች ገዝቶ ጠቅልሎ አንድ አደረጋቸው። ኮልማንስኮፕን የገደላት ግን ጦርነቱም ሽያጩም አይደለም፤ አልማዙ ራሱ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ በኦራንጅ ወንዝ አፍ፣ ከዚህ በጣም ወደ ደቡብ፣ ጥንታዊው የባሕር ዳርቻ ላይ እጅግ የበለጠ ክምችት ተገኘ። ንፋስ አባሮ ካመጣው ትንንሽ ጠጠር ይልቅ ወንዙ ገና እንደተፋው የቀረው ትልልቅ ነበር። በ1936 ኦራንዬሙንድ የምትባል አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ ማሽኑም፣ መሐንዲሱም፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም ተከታትሎ ወደዚያ ሄደ። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ኮልማንስኮፕን ለቀው የወጡት በ1956 ነው። ሽታውኽ በበኩሉ ሀብቱን በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን አጥቶ፣ በ1947 በትውልድ አገሩ በጀርመን በድህነት ሞተ።

ከተማዋ ብትዘጋም የኮንትራቱ ሥርዓት አልተዘጋም። ደቡብ አፍሪካ አገሪቱን ስትገዛ የሰሜኑን ወጣት ወደ ማዕድን፣ ወደ እርሻና ወደ ዓሣ ፋብሪካ የምትነዳው በዚሁ ሥርዓት ነበር። በ1957 በኬፕታውን የሚሠሩ ኦቫምቦዎች በአንዲምባ ቶይቮ ያ ቶይቮ መሪነት ይህን የሚቃወም ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ስዋፖ ወደተባለው የነጻነት ድርጅት አደገ። በዲሴምበር 1971ም የኮንትራት ሠራተኞች በመላ አገሪቱ ሥራ አቁመው ኢኮኖሚውን አናወጡት። እዚህ ላይ ኢትዮጵያም ትገባለች። አገሪቱን በሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ የሰጣት የቀድሞው የመንግሥታቱ ማኅበር አባላት የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በኖቬምበር 1960 ደቡብ አፍሪካን በዚህች አገር አስተዳደር ጉዳይ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ስድስት ዓመት ፈጀ። በጁላይ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ‹ከሳሾቹ የመክሰስ መብት የላቸውም› ተባለ። ፍርዱ አፍሪካን አስቆጣ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ። ናሚቢያ ነጻ የወጣችው በማርች 21 ቀን 1990 ነው። ከ1994 ጀምሮ የአልማዙ ኩባንያ ናምዴብ የናሚቢያ መንግሥትና ዴቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ የእኩል ድርሻ ሆነ፤ ዛሬ አብዛኛው አልማዝ የሚወጣው ከበረሃው ሳይሆን በመርከብ ከባሕሩ ወለል ነው።

ባለቤት ያጣችውን ከተማ አሸዋው ተረከባት። አገባቡ በመስኮት ስብራትና በበር ስንጥቅ ነው፤ ሳሎኑን እስከ ጉልበት፣ ጓዳውን እስከ ጣሪያ ይሞላል፣ በሩ ተከፍቶ እንዲቀር ያደርገዋል። ጠጠሩ የቀለሙን ልባጭ እየፋቀ ከሥሩ ያለውን ያወጣል። ግድግዳዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ መቆማቸው የአየሩ ድርቀት ውለታ ነው። ዴቢርስ ካዚኖውንና ጥቂት ቤቶችን ያሳደሰው በ1980ዎቹ ሲሆን፣ የቀሩት በአሸዋው ፈቃድ ተትተዋል። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስላል። ሁሉም ቤት ተጠርጎ ቢቀባ፣ ጎብኚው የሚያየው ጀርመኖች ራሳቸውን ማየት እንደፈለጉት ያማረ ሰፈር ብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ባዶ ቤቶቹን የሚጎበኙት ቡናማ ጅቦች ናቸው። ደቡብ አፍሪካዊው ፎቶ አንሺ ቪም ፋን ደን ሄቨር በዚህ ስፍራ በሌሊት ካሜራ የቀረጸው ጅብ የ2025ን የዓለም የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር አሸንፏል፤ ሥዕሉን ለማግኘት አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። ‹ፎልአውት› የተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማም በአሸዋ የተሞሉትን ክፍሎች ተጠቅሟል። የሕዝብ ጉብኝት ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይበረታል። ቀኑን ሙሉ መቆየት የሚፈልግ ፎቶ አንሺ ልዩ ፈቃድ ይገዛል።

ጀርመን የሄሬሮና የናማ ጭፍጨፋ የዘር ማጥፋት መሆኑን በሜይ 2021 አምና፣ በ30 ዓመት ውስጥ የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለልማት እሰጣለሁ አለች። የተጎጂዎቹን ዘሮች የሚወክሉ ብዙ የባህል መሪዎች በድርድሩ አልተካተትንም ብለው አልተቀበሉትም። በዚያው ዓመት የናሚቢያ መንግሥት በቀድሞው የተከለከለ ክልል ከፀሐይና ከንፋስ ሃይድሮጅን ለሚያመርት ትልቅ ፕሮጀክት ኩባንያ መረጠ፤ ምርቱ በሉደሪትስ በኩል ወደ አውሮፓ እንዲላክም ታቀደ። ለዚህ ወደቡ መስፋት አለበት፤ የማስፋፊያው እቅድ ደግሞ ሻርክ ደሴትን ይነካል። የናማ የባህል መሪዎች በውሃው ሥርና በዳርቻው አፅመ ሙታን ስላለ ቁፋሮ እንዳይደረግ፣ ስፍራውም በመታሰቢያነት እንዲከበር እየጠየቁ ነው።