በአንዱ ብልሽት ሁሉ አይጣል!

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደባርቅ አንድ አውቶማቲክ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ተበላሸ እንበል። ባለሙያ እስኪደርስ ገብሱን የሚያቃጥለው ውርጭ ሳይመዘገብ ያልፋል። ታዲያ ምን ይሻላል?

መሣሪያውን ከፋፍሎ መሥራት ነው። ሙቀት መለኪያው፣ ዝናብ መለኪያው፣ ባትሪው፣ በሞባይል መስመር መረጃ ላኪው ለየብቻ ይሰካሉ። በዝናብ መለኪያው ውስጥ እንደ ሚዛን የምትወዛወዝ ትንሽ ጽዋ አለች፤ ብዙውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንዴ ትገለበጣለች። 10 ጊዜ ከተገለበጠች 2 ሚሊ ሜትር ዘንቧል ማለት ነው።

ፈርምዌር የሚባለው የውስጥ ፕሮግራምም እንዲሁ ይከፋፈላል፤ ቆጣሪው ክፍል ላኪውን አይጠብቅም። ኔትዎርክ ቢጠፋ ልኬቱ ተመዝግቦ ይቆያል፤ መስመሩ ሲመለስ ይላካል። ላኪው ከተቃጠለ እሱን ብቻ ነቅሎ መተካት ነው።

እኛም ነገ ገጠር ስንመደብ ክፍሎቹን ለይተን ካላወቅን፣ ከተበላሸው ጋር ደህናውን ሁሉ እንጥላለን።