ስለ «መጫን» እና «ማጠናቀር»
የኢሜይል አገልጋይ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ የሚውለው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ምንጭ ጽሑፉ በቦታው ይጠናቀራል፣ ወይ ሌላ ሰው አጠናቅሮ ያዘጋጀው ጥቅል ይወሰዳል። ተርጓሚዎች ሁለቱንም «መጫን» ይላሉ። ቃሉ ለጥቅሉ ይስማማል፤ አህያም የሚጫነው ተሰፍሮ የታሰረ እህል ነው። ለምንጩ ግን ያሳስታል። የዳንኤል በርንስታይንን ኪውሜይል ያለ ደራሲው ፈቃድ ለውጦና አጠናቅሮ ማሠራጨት እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ስላልተቻለ፣ ባለሙያው ምንጩን ወስዶ፣ መጣፊያ አክሎ፣ ራሱ ያጠናቅር ነበር። የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ የጥቅሉ አዘጋጆች እርማቱን ያቀርባሉ፤ ከምንጭ ያጠናቀረ ግን ራሱ ካላደሰው ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል። በመመሪያው ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ኃላፊነት ከየት ያውቃል? ስለዚህ የፊተኛው «ከምንጭ አጠናቅሮ መትከል» ቢባል እንመርጣለን፤ የተተከለ ነገር ክትትል ይሻልና። «መጫን» ለጥቅሉ ብቻ ይዋል።