የቅድመ አንደኛ ደረጃ ምዝገባና የሕፃናት ብዝኃነት

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ መልክ የያዘው በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና እና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ባዘጋጁት የፖሊሲ ማዕቀፍ ነው። ከዚያ በፊት መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው ከፍለው ማስተማር የሚችሉ የከተማ ወላጆች ልጆች ድርሻ ነበር። በገጠር የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርኣን ትምህርት ቤት የሕፃናቱን የመጀመሪያ ትምህርት ሲሸፍኑ ኖረዋል። ከማዕቀፉ በኋላ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተከፈተው የ«ኦ» ክፍል የ6 ዓመት ሕፃናትን ተቀብሎ ለ1ኛ ክፍል ያዘጋጃል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እርከኑን የ2 ዓመት አድርጎታል።

ምዝገባ ቀላል ሥራ ይመስላል። ሆኖም ሕፃኑ ቦታ የሚያገኘው ዕድሜው ሲረጋገጥ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ሳይዙ የሚቀርቡ ልጆች አሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በብዙ ቦታ የኖረው መለኪያ፣ ሕፃኑ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ማድረግ ነው። ብዙ አዋቂዎች በዚህ ፈተና አልፈው ተማሪ መሆናቸውን ያስታውሳሉ። የሚለካው ግን የክንድ ርዝመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀነጨረ ልጅ ዕድሜው ደርሶ ሳለ ጆሮው ላይ መድረስ ሊያቅተው ይችላል፤ ክንዱ ላይ ጉዳት ያለበትም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት ዝግጅቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ከበር ይመለሳል። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ ወይም ልደቱን በአካባቢው ከታወቀ ክስተት ጋር የሚያያይዝ የወላጅ ቃል ከክንድ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ጀምሮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር እንዳለባቸው ተደንግጓል። በድሬዳዋ ግን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ መንደር ይነገራሉ፤ ክፍሉ በአንዱ ቋንቋ ሲመራ በሌላው ያደገው ሕፃን ሳምንታትን በዝምታ ሊያሳልፍ ይችላል። ዝምታው የአእምሮ ዝግመት ተደርጎ እንዳይወሰድ ወላጅ በምዝገባ ዕለት በቤት የሚነገረውን ቋንቋ ማሳወቁ ይጠቅማል። የማየት፣ የመስማት ወይም የመንቀሳቀስ ችግር ካለም እንዲሁ፤ ይህ የሚነገረው ልጁን ለማስቀረት ሳይሆን መቀመጫውና እገዛው አስቀድሞ እንዲታሰብበት ነው።

ከየትምህርት ቤቱ የሚሰበሰበው መረጃ በሁለት ምጣኔ ይገለጻል። ጥቅል ተሳትፎ በማንኛውም ዕድሜ የተመዘገቡትን ሁሉ ሲቆጥር፣ ንጥር ተሳትፎ ዕድሜያቸው ለእርከኑ የተወሰነላቸውን ብቻ ይቆጥራል። የ8 ዓመት ልጅ በ«ኦ» ክፍል ሲመዘገብ ጥቅሉ ይጨምራል፣ ንጥሩ ግን ባለበት ይቆያል። በዚህም ጥቅሉ ከፍ ብሎ በሚታይበት ወረዳ በዕድሜያቸው ያልገቡ ብዙ ሕፃናት ሊኖሩ ይችላሉ። በመስከረም ተመዝግቦ በታኅሣሥ የቀረውን ሕፃን ደግሞ የምዝገባው አኃዝ እንደ ተማሪ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ መቅረቱን የሚያሳየው የመምህሯ ስም መጥሪያ ነው።